አዲስ የታደሰ ሞተር ሚኒሞ ላይ አይዋል

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። አባቴ በ1962 ዓ.ም. የገዛው ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለን፤ ሞተሩ 1438 ሲሲ ነው። ለብዙ ዓመት ቆሞ ነበር። አሁን ሞተሩን አስወርጄ ረቲፊካ አስደረግኩት። ሲሊንደሩ በ0.4 ሚሜ ሰፍቶ አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ተገዛለት። ክራንኩ በ0.254 ሚሜ ተላጨ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተላጨ፣ ባልቦላውም (ቫልቩም) ተሞረደ። ዕቃው ሁሉ በካርቶን ቤት ገብቷል። አንዱ መካኒክ ‘ገጥመን አስነስተን ቀኑን ሙሉ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በዝቅተኛው ዙር) እናውለው፣ ያኔ ይፈታል’ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‘አዲስ ሞተር ጥብቅ ስለሆነ ሞተሪኖ (ማስነሻው) አያዞረውም፣ በገመድ አስጎትተን እናስነሳው’ ይላል። እህቴ ጥር ላይ ታገባለች፤ ሙሽሮቹን የምናመጣው በዚህ መኪና ነው። ማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትስማ። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምክሩ ከጋራዥ ጋራዥ ሲተላለፍ የቆየ ነው። ግን ሞተርህን ሁለቱም ይጎዱታል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

የፒስተን ፋሻ ሲሊንደሩን የሚዘጋው በራሱ ውጥረት ብቻ አይደለም። ውጥረቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ኃይል የሚመጣው ከቃጠሎው ጋዝ ነው። ቤንዚኑ ሲቃጠል ጋዙ ከፋሻው ጀርባ ይገባና ፋሻውን ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይገፋዋል። ረቲፊካ ቤቱ ግድግዳው ላይ ሆን ብሎ የተወው የተጠላለፈ ጭረት አለ። ፋሻው በዚያ ጭረት ላይ ተገፍቶ ሲመላለስ ፊቱ ተሞርዶ ከሲሊንደሩ ጋር ይገጥማል። ይህ የሚሆነው ግን ጭረቱ ስለት እስካለው ድረስ ብቻ ነው። ስለቱ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የሞተሩ ዕድሜ በአመዛኙ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አውለው። ጭነት የለም። ስለዚህ የጋዝ ግፊቱ ደካማ ነው፣ ፋሻው አይገፋም። ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት በሙቀቱ ይጠበስና ጭረቱን ሞልቶ እንደ ቫርኒሽ ያለ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ፋሻው የሚሞረድበት ነገር አያገኝም። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ጉልበት ያጣል። መፍትሔው ሞተሩን እንደገና መፍታት፣ ሲሊንደሩን እንደገና ማስጫርና አዲስ ፋሻ መግዛት ብቻ ነው። ብዙ ብር ወጥቶባቸው በአንድ ቀን ሚኒሞ የተበላሹ ሞተሮች አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ረቲፊካው ጥሩ ሆኖ፣ ዕቃው ኦሪጂናል ሆኖ፣ የጠፋው በማስነሳቱ ላይ ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ለመሆን ትንሽ ሲቀረው ያንሳል። ካርቡራተሩ ግን የተስተካከለው ጣሊያን ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። የተረፈው ቤንዚን ግድግዳውን እያጠበ የዘይቱን ስስ ሽፋን ያነሳል፣ ወደ ኮፓ (ከታች ወዳለው የዘይት ሳጥን) ወርዶም ዘይቱን ያቀጥናል። ሚኒሞ ላይ ሲሆን ይህ ይብሳል። ስለዚህ ሚኒሞ ማዋል የትም ቦታ መጥፎ ነው፣ እዚህ ግን ሁለት ጊዜ መጥፎ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ዕቃው ገና በካርቶን መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። ሞተር የሚድነው ከመገጠሙ በፊት ነው።

መጀመሪያ ብሎኩን እጠብ። «ረቲፊካ ቤቱ አጥቦ ነው የሰጠኝ» አትበለኝ። እነሱ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ነው የሚያጥቡት። ቤንዚን ቅባቱን ያነሳል፣ ጭረቱ ውስጥ የተቀበረውን የድንጋይ ዱቄት ግን ይተወዋል። ያ ዱቄት ነው አዲሱን ፋሻና አዲሱን ብሮንዚን (ክራንኩ የሚዞርበትን ስስ መሸፈኛ) የሚበላው። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ኦሞና ጠንካራ ብሩሽ ነው። ሲሊንደሮቹን ፈግፍግ፣ አለቅልቅ፣ ድገም። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክረህ ግድግዳውን ጥረግ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ገና ነው፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጥል። ሲደርቅ ቶሎ ዘይት ቀባው፣ ምክንያቱም የብረት ብሎክ ያለ ዘይት በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ይጀምረዋል።

የዘይት መንገዶቹን አትርሳ። ብሎኩ ላይ ጫፋቸውን የዘጉ ቡሾች አሉ፤ አስወጣቸው፣ ረጅም ቀጭን ብሩሽ አስገብተህ ፈግፍግ፣ በኮምፕረሰር ንፋ። ክራንኩም ውስጥ ዘይት የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ለዓመታት የቆመ መኪና ክራንክ ውስጥ የሚገኘው ጭቃ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ሲላጭ የወጣው ዱቄት ተጨምሮበታል። ይህን የሚዘል ሰው ብሮንዚኑን በገዛ እጁ እየጣለ ነው።

ቀጥሎ መለካት። ረቲፊካ ቤቱን ማመን ጥሩ ነው፣ ማረጋገጥ ደግሞ ያንተ ኃላፊነት ነው። እያንዳንዱን ፋሻ ሊገባበት ባለው ሲሊንደር ውስጥ ብቻውን አስገባ፣ በፒስተን ጭንቅላት ገፍተህ ቀጥ አድርገው፣ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ ብረቶች) ለካ። ለአንተ ሞተር፣ ሲሊንደሩ 80 ሚሜ ገደማ ስለሆነ፣ የላይኛው ፋሻ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሜ ቢሆን ትክክል ነው። ከዚያ ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጠሙና ፋሻው ይሰበራል ወይም ግድግዳውን ይቧጥጣል። በሞረድ ቀስ ብለህ ታሰፋዋለህ። የክራንኩን የብሮንዚን ክፍተት በፕላስቲጌጅ (ሲጨፈለቅ ክፍተቱን በሚያሳይ ስስ የፕላስቲክ ክር) ለካ። በ50 ሚሜ ክራንክ ላይ 0.05 ሚሜ አካባቢ ጤነኛ ልክ ነው። ፕላስቲጌጅ ጎንደር ካጣህ ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ግን ክራንክ ነው።

ስትገጥም ጥንቃቄው ይህ ነው። የብሮንዚን ክዳኖቹ ቁጥር አላቸው፣ አታቀያይር። የፋሻው ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። የሦስቱ ፋሻዎች ክፍተት አንድ ላይ እንዳይገጥም በክቡ ዙሪያ አራርቃቸው። ብሮንዚኑን በወፍራም የመገጣጠሚያ ዘይት ቀባ፤ መኪናው ሳይነሳ ሳምንት ቢቆይ እንዳይደርቅ። ካም ሻፍቱን (ባልቦላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ደግሞ ሞሊብዲነም ባለው ፓስታ ቀባው። የድሮው ካምና ፑንተሪያ (ካሙ ባልቦላውን የሚገፋበት ቆብ) ከሆነ የምትመልሰው፣ እያንዳንዱ ፑንተሪያ ወደ ነበረበት ቦታ ይመለስ፤ አብረው ስለተሞረዱ።

ቴስታታውን ስታስር አንድ ነገር ልብ በል። የብሎኩ የብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ካለ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። አድርቃቸው። ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ሬንች እሰር። የድሮ የፊያት መጽሐፍ ጥብቀቱን በኪሎግራም ሜትር ነው የሚሰጠው፤ ያንተ ቶርክ ሬንች ደግሞ ምናልባት በኒውተን ሜትር ነው። አንድ ኪሎግራም ሜትር 9.8 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን ሳያዩ ብሎን የበጠሱ ሰዎች አሉ።

አሁን ቺንጋው፣ ካሞቹን የሚያዞረው ቀበቶ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን ሞተር የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ቀድሞ የፌራሪን ሞተሮች የነደፈ ሰው። መኪናው በ1966 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ሲወጣ ሁለት ካም ሻፍት ቴስታታው ላይ ነበሩት፣ የሚያዞራቸውም ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነው። የእኛ አገር አንጋፋ መካኒኮች እጃቸውን የፈቱት በፊያት 1100 ነው፤ እሱ ደግሞ ካቴና (ሰንሰለት) ነው ያለው፣ አንድ ካም ብቻ፣ እሱም ብሎኩ ውስጥ። ስለዚህ በዚህ ሞተር ላይ የሚሳሳቱት ሦስተኛዋን ፑሊ ነው። ሁለቱን የካም ፑሊዎችና ክራንኩን በምልክት ያስተካክላሉ፣ ከታች በጎን ያለችውን ረዳት ዘንግ ግን እንደመጣች ይተዋታል። ይህች ዘንግ የዘይት ፖምፓውንና ዲስትሪቢዩተሩን ነው የምታዞረው። ቦታዋን ከሳተች ብልጭታው ያለ ሰዓቱ ይመጣል፤ ሰውዬው ደግሞ ካርቡራተሩን ሲነካካ ይውላል።

ካሞቹን ለብቻቸው ከማዞርህ በፊት ፒስተኖቹ ሁሉ ከሲሊንደሩ መሃል ይሁኑ፣ ባልቦላ እንዳይመታ። ቺንጋው አዲስ ይሁን። ሱቅ መደርደሪያ ላይ አሥር ዓመት የተቀመጠ ጎማ አዲስ አይባልም፤ እጥፍ አድርገህ ጀርባውን እይ፣ ከተሰነጣጠቀ መልሰው። ከገጠምክ በኋላ ካንዴላዎቹን አውጥተህ ክራንኩን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅህ አዙር። ምልክቶቹ ሁሉ ተመልሰው መግጠም አለባቸው። መሃል ላይ ጠንካራ ነገር ካስቆመህ አትግፋ፤ ቺንጋውን እንደገና እይ።

ይህ ደግሞ ሁለተኛውን መካኒክ ይመልስልሃል። በትክክል የተገጠመ ሞተር ካንዴላው ወጥቶ በመካከለኛ ቁልፍ በእጅ ይዞራል። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን እኩል ይከብዳል። ሞተሪኖ የማያዞረው ሞተር ካለህ አንድ ነገር ጠብቋል ማለት ነው፤ ብሮንዚን ይሆናል፣ ክዳን ተገልብጦ ይሆናል፣ ፋሻ ይሆናል። በገመድ ስትጎትተው ያንን ጥፋት በጎማና በማርሽ ኃይል እያስገደድከው ነው። ዘይት ገና ወደ ላይ ሳይደርስ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል። ያልተቃጠለ ቤንዚንም ግድግዳውን ያጥባል። አንዳች ድምፅ ብትሰማ እንኳ ቶሎ ማቆም አትችልም። ስለዚህ ገመዱን ተወው። ሞተሩ ከከበደ ፈትተህ ምክንያቱን ፈልግ። ሞተሩ ነጻ ሆኖ ሞተሪኖው ደካማ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን፣ የመሬት ገመዱንና የሞተሪኖውን ብሩሽ አሠራ።

ከማስነሳትህ በፊት ዋናው ሥራ ዘይቱን እያንዳንዱ ጥግ ማድረስ ነው። ዘይቱ ሲንቴቲክ አይሁን፤ ለሮዳጅ (ለመላመጃው ጊዜ) በጣም ያንሸራትታል። ተራ ማዕድን ዘይት፣ 15 ዳብልዩ 40 ወይም 20 ዳብልዩ 50። በከተማችን በቀላሉ የሚገኘው ለናፍጣ መኪና የሚሸጠው 15 ዳብልዩ 40 ነው፤ እኔ እሱን ነው የምመርጥልህ። ካምና ፑንተሪያን የሚጠብቀው ዚንክ ከዘመኑ የቤንዚን ዘይት ይበዛዋል። ማጣሪያውን ከመግጠምህ በፊት ዘይት ሙላው። የዘይት ፖምፓውን ስትገጥም ውስጡን ቫዝሊን ሙላ፤ ፖምፓው ደረቅ ከሆነ ዘይት መሳብ ያቅተዋል። የጎማ ግሪስ አትጠቀም፣ አይሟሟምና መንገድ ይዘጋል።

በዚህ ሞተር ላይ ደስ የሚል ዘዴ አለ። ቺንጋውን ከመግጠምህ በፊት ረዳት ዘንጓን በቁልፍ ወይም በቀስታ በሚዞር ድሪል በሰዓት አቅጣጫ አዙራት። የዘይት ፖምፓው ከእሷ ጋር ይዞራል። የዘይት መለኪያው ተነስቶ፣ ካም ሻፍቶቹ ላይ ዘይት ሲፈስ በዓይንህ እስክታይ ድረስ አዙር። ከዚያ ዘንጓን ወደ ምልክቷ መልሰህ ቺንጋውን ግጠም። ይህን ካላደረግክ ሌላው አማራጭ ካንዴላዎቹን አውጥተህ፣ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን የመብራት ሽቦ ነቅለህ፣ በሞተሪኖ ማዞር ነው። አሥር ሰከንድ አዙር፣ ደቂቃ አሳርፍ፣ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል። መለኪያው ግፊት እስኪያሳይ ድረስ ቀጥል።

ሁለተኛው ዝግጅት ሞተሩ ሲነካ ወዲያው እንዲነሳ ማድረግ ነው። ሲያስነጥስ፣ ሲጠፋ፣ ሲዞር የሚውል ሞተር ዘይቱ ሁሉ ይታጠባል። ፑንቲናውን (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያ) 0.4 ሚሜ ገደማ ክፈት። የብልጭታውን ሰዓት በመብራት አምፖል አስተካክል፤ ፑንቲናው ሲከፈት አምፖሏ የምትበራበት ቦታ ከምልክቱ ጋር ይግጠም። የሲሊንደሩ ተራ 1-3-4-2 ነው። የቤንዚን ታንኩን አስወርደህ አጽዳ፤ ለዓመታት የቆመ ታንክ ውስጡ ዝገትና ሙጫ ነው። ማጣሪያ አስገባ። የካርቡራተሩን ጎድጓዳ በእጅህ ቤንዚን ሙላ፣ ፖምፓው እስኪያመጣ እንዳትጠብቅ።

ራዲያተሩን በንጹሕ ውሃና በፀረ ዝገት ሙላ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ተራ የቧንቧ ውሃ ይበላዋል። የመኪናውን አፍንጫ ትንሽ ከፍ አድርግ፣ የማሞቂያውን ቧንቧ ክፈት፣ አየሩ ይውጣ። ክዳኑ ላይ አትሰስት። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። የደከመ ክዳን ያለው ሞተር አዲስም ቢሆን ይፈላል።

የማስነሻው ቀን መኪናው ደጅ ይሁን፣ ከግድግዳ ራቅ። የእሳት ማጥፊያ አስቀምጥ። ሌላ ሰው ከጎንህ ይኑር፤ አንዱ መሪው ላይ ሆኖ የዘይት መለኪያውን ያያል፣ ሌላው ሞተሩን። ልጆችንና ተመልካቾችን አርቅ። በሰፈራችን የቆየ መኪና ሲነሳ ሰው ይሰበሰባል፤ ሁሉም መካኒክ ይሆናል፤ ግን ያን ቀን የምትሰማው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው።

ሲነሳ ወዲያው በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር አድርሰው። ሚኒሞ ላይ አትልቀቀው። የዘይት ግፊቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልታየ አጥፋ፣ አትጠብቅ። ግፊቱ ካለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በ1,800 እና በ2,500 መካከል እያቀያየርክ ያዘው። አንድ ዙር ላይ አይቁም። በዚህ ጊዜ ካሙና ፑንተሪያው ይላመዳሉ፣ ከክራንኩ የሚረጨው ዘይትም ሲሊንደሮቹን ያጠጣል። ሙቀቱን እይ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ፈልግ፣ የቤንዚን ሽታ ካለ አጥፋ። መጀመሪያ ላይ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የመገጣጠሚያው ዘይት ሲቃጠል ነው፤ ይጠፋል። ብረት ብረትን ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ግን አይጠፋም፣ አጥፋና እይ።

ከዚያ አጥፍተህ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባልቦላውን ክፍተት እንደገና ለካ። የገዛኸው የቴስታታ ጓርኒሲዮን እንደገና እንዲጠበቅ የሚጠይቅ ከሆነ ያንን አድርግ። ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይር። «አሁን ገና የፈሰሰ ዘይት» እንዳትል፤ የመጀመሪያው ዘይት ሞተሩ የሚታጠብበት ነው። የድሮውን ማጣሪያ ቁረጥና ወረቀቱን ዘርግተህ እይ። ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የተለመደ ነው። የሚያንጸባርቅ ቅርፊት ወይም የመዳብ ቀለም ካየህ ብሮንዚን እየተበላ ነው፣ መንገድ አትውጣ።

አሁን መንገድ። ፋሻው የሚገጥመው እዚህ ነው። ንጋት ላይ፣ ፒያሳ በባጃጅ ሳይሞላ፣ ወደ አዘዞ ውጣ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርገህ ከ50 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በደንብ ረግጠህ አውጣው። ነዳጁን ሙሉ አትርገጥ፣ ግን አትፍራው። ከዚያ እግርህን አንሳና በማርሹ ቀስ ብሎ ወደ 50 ይውረድ። ስትረግጥ ጋዙ ፋሻውን ይገፋል። ስትለቅ ደግሞ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው መምጠጥ ዘይት ወደ ፋሻዎቹ ይስባል፣ ተሞርዶ የወጣውንም ያጥባል። ይህን ደጋግመው፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ። የአዘዞ መንገድ ለዚህ ይመቻል፤ ስትመለስ ወደ ከተማ ያለው ዳገት የሚያስፈልገውን ጭነት ይሰጥሃል። ወደ ኮሶዬና ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ግን ለመጀመሪያው ቀን አይሆንም። ረጅም ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ፣ ከፍታው እየጨመረ፣ ሞተሩ ሳያርፍ መሞቅ ነው። ሊማሊሞን ለሌላ ዓመት አቆየው።

እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ከ4,000 ዙር አትለፍ፣ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜም አትንዳ። ማክሰኝት ደርሶ መመለስ ጥሩ ልምምድ ነው፤ መሄጃው ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳም ዳገትም አለው። 500 ላይ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይር።

ካርቡራተሩን በመጀመሪያው ጉዞ ማግስት እይ። ካንዴላዎቹን አውጣ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዙ ቤንዚን በዝቷል፣ እዚህ ከፍታ ላይ የምጠብቀውም ይህንን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በእኛ ከፍታ ድብልቁ ወደ 11 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ይህን ለማስተካከል የዋናውን ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑን በልክ የሚያሳልፈውን ትንሽ ብሎን፣ ቀዳዳ በ5 በመቶ ገደማ ማጥበብ ይበቃል። የዌበር (የካርቡራተሩ ሠሪ) ጂግለር ላይ 120 ተጽፎ ካለ ቀዳዳው 1.20 ሚሜ ነው፤ 115 ግጠምበት። ዋናውን ካስተካከልክ በኋላ የሚኒሞውን ጂግለር በዚያው መጠን ቀንስ። የነበሩትን ጂግለሮች በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥ፣ መኪናውን ወደ ቆላ ይዘኸው ከወረድክ ያስፈልጉሃል። ቀዳዳ በመሙላት ወይም በመርፌ በማስፋት ጂግለር የሚሠሩ አሉ፤ አትፍቀድላቸው። ካንዴላው ቡና ዓይነት ቡናማ ሲሆን ተስተካክሏል።

ኮምፕሬሽን ስትለካ ደግሞ እንዳትደነግጥ። መጽሐፉ ላይ ያለው ወይም በኢንተርኔት የሚነግሩህ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ነው። እዚያ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ባር ገደማ ነው የሚያሳየው። ሞተሩ አልደከመም፤ የሚጭነው አየር ነው ያነሰው። የምታየው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ትልቁና ትንሹ ከ10 በመቶ በላይ ካልተራራቁ ጥሩ ነው። የለካኸውን ጻፈው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ለካ። ፋሻው እየገጠመ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ስለ ሰርጉ እውነቱን ልንገርህ። ለአዲስ ሞተር የሰርግ አጀብን ያህል ክፉ ጉዞ የለም። በእግር ፍጥነት፣ ረጅም ሚኒሞ፣ ከፊት ካሜራ የጫነ መኪና፣ ራዲያተሩ ንፋስ አጥቶ። ፋሻው ሳይገጥም ይህን ካደረግክ ከላይ የነገርኩህን የሚኒሞ ጉዳት በሙዚቃ አጅበህ ነው የምታደርሰው። ስለዚህ ወሰኔ ግልጽ ነው፦ ከሰርጉ ቀን በፊት 500 ኪሎ ሜትር ተነድቶ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ ጭሱ ጠፍቶ ከሆነ እህትህን በኩራት አምጣት። ካልደረሰ መኪናውን አበባ አልብሰህ ከድንኳኑ ደጅ አቁመው፣ ፎቶ ይነሱበት፤ ሙሽሮቹ በሌላ ይምጡ። ቤተሰቡ ቢከፋውም የአባትህ መኪና ስለሆነ ይረዱሃል ብዬ አምናለሁ።

ኪሎ ሜትሩ ደርሶ አጀቡን ከመራህ ደግሞ ፋኑ መሥራቱን ከቀናት በፊት አረጋግጥ። አጀቡ ለጭፈራ ሲቆም ሞተሩን አጥፋ፤ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ መልሶ ይነሳል። ሾፌሩ አንተ ሁን፣ ዓይንህም ከሙቀት መለኪያው አይራቅ። በማግስቱ ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ እይ። ቢጎድል ሙላና ምን ያህል እንደሞላህ ጻፍ። 1,500 ኪሎ ሜትር ላይ ሦስተኛውን የዘይት ለውጥ አድርግ፣ ባልቦላውንም በቀዝቃዛ ሞተር እንደገና ለካ። ከዚያ በኋላ የብልጭታውን ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ማስቀደም ትችላለህ፤ በሳሳ አየር ቃጠሎው ስለሚዘገይ ሞተሩ ይቀበለዋል። ዳገት ላይ ሲያንኳኳ ከሰማህ ግን ወደነበረበት መልሰው።